17 ዎክና አንድ ፖሰም፦ ያን ሳምንት የሚያስረዳኝ አለ?

አረንጓዴ_ቢጫ፦
ስለ ኦክላንድ አትሌቲክስ ነው፤ ሩጫው ሳይሆን ቤዝቦሉ። ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ሳክራሜንቶ ከገባ በኋላ እንኳ የኤፕሪል 2023ቷ ሳምንት አልዋጥልህ ብላኛለች። በ14 ለኒውዮርክ ሜትስ 17 ለ6 ተሸነፍን፤ ወርዋሪዎቻችን 17 ዎክ (መቺው ኳሱን ሳይመታ በነፃ የሚያልፍበት) ሰጡ። በዚያው ሰሞን የሜትስ የቴሌቪዥን ሰዎች የእንግዳ አስተላላፊዎችን ክፍል ትተው ሌላ ክፍል ገቡ። ምክንያቱ? ፖሰም የሚባል የዱር እንስሳ ገብቶበት ክፍሉ ገምቷል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ክለቡ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለአዲስ ስታዲየም መሬት ለመግዛት መስማማቱ ተሰማ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። 17 ዎክ እንዴት ይከማቻል? ድመት የሚያህል እንስሳ አባርሮ፣ ክፍሉን አጥቦ መግባትስ ምን ያቅታል?

ሦስተኛ_ቤዝ፦
ዎኩን እኔ ልመልስ። የሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆመው ሰሌዳ) ወርድ 17 ኢንች ነው፣ 43 ሴንቲ ሜትር (ያን ቀን ሁሉም ነገር 17 ነበር መሰለኝ)። ወርዋሪው የሚወረውረው ከ18.44 ሜትር ላይ ሆኖ ነው። ከዞኑ (ከፕሌቱ በላይ ካለው የመምቻ ክልል) ውጭ ያለፈና መቺው ዱላውን ያልሰነዘረበት ኳስ «ቦል» ይባላል፤ አራት ሲሞላ መቺው በእግሩ አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ይሄዳል። 17 ዎክ ማለት እንግዲህ 68 ቦል ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዎኩ በኋላ ነው። ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ያስቀመጠ ወርዋሪ ሦስተኛውን ላለመስጠት ሲል ኳሱን መሃል ለመሃል ይልከዋል፤ መቺው የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ሦስቱ ቤዝ ሞልቶ ሌላ ዎክ ከተጨመረ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ያለው ተገፍቶ ሆም ፕሌት ይደርሳል፤ ነጥቡ ያለ ምንም ምት ይገባል። በዚያ ላይ የወርዋሪ ሰዓት (ለመወርወር የተፈቀደለት ጊዜ) የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው፦ ያኔ ቤዙ ባዶ ሲሆን 15 ሰከንድ፣ ሰው ሲኖርበት 20 ነበር። ካለፈ አንድ ቦል ይቆጠርበታል፤ የደነገጠ ልጅ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ፋታ የለውም። ተጠባባቂ ወርዋሪዎቹም አንድ በአንድ ስለሚያልቁ የነገው ጨዋታ ዛሬ ማታ ይበላሻል። ዓመቱ 50 አሸንፎ 112 በመሸነፍ አለቀ።

ኮርኒስ_ጠጋኝ፦
ፖሰሙን ለእኔ ተዉልኝ። ወንድሜ፣ «አባርሮ» የምትለው ነገር አይሠራም። ፖሰም ቀን ይተኛል፣ ማታ ይወጣል። ብታስጨንቀው ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ አለዚያም የሞተ መስሎ ይዘረጋል። ኤፕሪል ላይ ሴት ከሆነች ከረጢቷ ውስጥ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ይዞ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ደግሞ በካሊፎርኒያ ሕግ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሚመላለስበት ቀዳዳ በቀር ሌላውን ሁሉ ድፈን። በቀዳዳው ደፍ ላይ ዱቄት ነስንስ። ከጨለመ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተህ በባትሪ እየው፤ ዳናው ወደ ውጭ ከሄደ ዝጋ። ካልተማመንክ ጉድጓዱ ግማሽ ኢንች የሆነ ወፍራም የሽቦ ወንፊት ከላይ በኩል ብቻ በማጠፊያ አንጠልጥል፦ ገፍቶ ይወጣል፣ ስቦ መግባት ግን አይችልም። ሁለት ሦስት ሌሊት ጠብቀህ ለዘለቄታው ድፈን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ላይ ሲደፍን ነው፤ ውስጥ ይሞትበታል፣ ያኔ የሚመጣውን ሽታ አያድርስ ነው።

ሽንቱ ጅፕሰሙና ኮርኒሱ ውስጥ ስለሚሰርግ ወለል ማጠብ ከንቱ ድካም ነው። የራሰው ተቆርጦ ይጣላል፣ ከጀርባው ያለው ፋይበር በጓንትና በማስክ ይወጣል፣ የቀረው እንጨትና ሲሚንቶ በኢንዛይም ማጽጃ ርሶ ይደርቃል። በረኪና እንዳታስጠጋ! ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጨዋታ ነገ እያለ ይህ ሁሉ የሚሆን አይደለም፤ ክፍሉን ዘግቶ ሌላ መስጠት ይቀላል።

ኮሊሲየም፦
እሺ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነውስ ማነው? ስታዲየሙ የተከፈተው በ1966 ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በታች 6 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚወርድ የታችኛው ክፍል ፍሳሽ በራሱ አይሄድም፣ ወደ ላይ መገፋት አለበት። ጁን 2013 ላይ ፍሳሹ ተመልሶ በተጫዋቾቹ መታጠቢያ በኩል ወጣ፤ ሁለቱም ቡድኖች ከላይ ፎቅ ወዳለው የሬይደርስ (የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን) መልበሻ ክፍል ተሰደዱ። በ2019 ደግሞ ክለቡ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በስታዲየሙ ላይ የነበረውን ግማሽ ድርሻ በ85 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ሌላው ግማሽ የከተማው ነበር። ግማሽ ባለቤት፣ ግማሽ ተከራይ፣ ልቡ ሌላ ከተማ። እንዲህ ያለ ሰው ኮርኒስ አይጠግንም።

«ክለቡ የሄደው ደጋፊው ስለቀረ ነው» የሚለኝን ሰው ግን አልሰማም። ጁን 13 ቀን 2023 ደጋፊው የተገላቢጦሽ አድማ መታ፣ ከመቅረት ይልቅ በብዛት መጣ፦ ለክለቡ ባለቤት «ሽጥ» የሚል አረንጓዴ ቲሸርት ይዞ 27,759 ሰው ገባ። የዓመቱ አማካይ 10 ሺህ ገደማ ነበር። አትሌቲክሶቹ ታምፓ ቤይን 2 ለ1 አሸንፈው ተከታታይ ድላቸውን 7 አደረሱ። በዚያው ሳምንት ላስ ቬጋስ ያለችበት ግዛት ኔቫዳ ለአዲሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ አጸደቀች።

አረንጓዴ_ቢጫ፦
ተባረኩ። ኮርኒስ፣ አንዲት ነገር ብቻ፦ ዱቄቱን ጉንዳን ቢወርረውስ?

ኮርኒስ_ጠጋኝ፦
የሕፃን ፓውደር ወይም ደቃቅ አሸዋ ተጠቀም። ስስ ይሁን፤ ከወፈረ ዳናው ይፈርስና ወዴት እንደሄደ አይለይልህም።