የመጀመሪያ ሥራዬ ባዶ ሆነብኝ፤ ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሕንፃ ዲዛይን አማካሪ ድርጅት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ። ሲቪል ምህንድስና በተማርኩባቸው ዓመታት ሌሊቱን ሙሉ በስሌት ስደክም ያጽናናኝ የነበረው፣ አንድ ቀን እኔ ያሰላሁት ቤት ቆሞ ሰው ሲኖርበት አያለሁ የሚለው ሐሳብ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጉትን ትልልቅ ሥዕሎች ሳይ ደስታው እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

አሁን የምሠራው ሌሎች የነደፉትን ሥዕል እያየሁ የብረት ዝርዝር ማውጣት ብቻ ነው። የዚህ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ብረት ስንት ነው፣ በየት በኩል ይታጠፋል፣ ክብደቱ ስንት ይመጣል እያልኩ ጠዋት የጀመርኩት ሠንጠረዥ ማታም ሳያልቅ ያድራል። ሥራውን አልንቀውም፤ የሚያመኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር የአንድን ሕንፃ ደረጃዎች ዝርዝር በሦስት ሳምንት አጠናቅቄ፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ አስልቼ፣ አትሜ ለአለቃዬ አስረከብኩ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሌላ ሰነድ ፍለጋ ወደ ቢሯቸው ስገባ ወረቀቴ ባስቀመጥኩበት ቦታ፣ እኔው በያዝኩበት አግራፍ እንደተያያዘ አገኘሁት። የላይኛው ገጽ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት ደርቆበታል፤ ውስጡ አልተገለጠም። በማግሥቱ ዝርዝሩ ለተቋራጩ እንደተላከ ሰማሁ። ተሳስቼ ቢሆንስ? ልክ ከሆንኩስ ማን ዐወቀልኝ?

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ቤተሰቦቼ ሥራ ያገኘ ሰው አያማርርም ይሉኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ልቀቂና ተገላገዪ ይላሉ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ረቂቅ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ይህ ስሜት በጀማሪነት የሚመጣና የሚያልፍ ነው ወይስ ያለቦታዬ ነው የገባሁት?

በሙያው የቆየ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የነበርኩበት ቦታ ላይ ነው ያለሽው። በመጀመሪያ ስለ ሥራው ልናገር፣ ምክንያቱም የብረት ዝርዝር ማውጣት ዲዛይን የሚማሩበት በር መሆኑን በጊዜው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረን ቢሙ ስንት ብረት እንደሚያስፈልገው ነው። ያ ሁሉ ብረት ቢምና ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) በሚገናኙበት ጠባብ ቦታ ገብቶ ለኮንክሪቱ መፍሰሻ ክፍተት ይተርፍ እንደሆነ የሚገባው ግን አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ብረት በአብዛኛው የሚመጣው በ12 ሜትር ርዝመት ነው። በሠንጠረዥሽ ላይ 4.2 ሜትር የሆነ ብረት ብትጽፊ ከአንዱ ዘንግ የሚወጣው ሁለት ብቻ ሲሆን 3.6 ሜትር፣ ማለትም 30 በመቶው፣ ይተርፋል። 4 ሜትር ቢሆን ኖሮ ሦስት ይወጣና ምንም አይተርፍም ነበር። መደራረቢያው (ሁለት ብረቶች ተደራርበው የሚያያዙበት ርዝመት) ወይም መታጠፊያው ከሚፈቀደው በታች ሳይወርድ ያቺ 20 ሳንቲ ሜትር ልትቀነስ ትችላለች ወይ ብሎ መጠየቅ የዲዛይን ጥያቄ ነው። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስደሽ በራሱ አባዝተሽ ለ162 ብታካፍዪ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ 0.89 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ የተረፈውን ቁራጭ በዚህ መዝኚውና ለአለቃሽ በኪሎ አሳዪያቸው።

ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ሳይት እንዲወስዱሽም አጥብቀሽ ጠይቂ። አንቺ በወረቀት ላይ የጻፍሽውን ቁጥር ብረት አሳሪው በእጁ ይዞት ስታዪ ሠንጠረዡ ሌላ ነገር ሆኖ ይታይሻል። ሁላችንም በዚህ መንገድ አልፈናል፤ ስለዚህ ለመልቀቅ አትቸኩዪ እላለሁ።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦

የጠየቅሽው ነገር ለብዙ ዓመታት የተጠና ነው። ማርሊን ክሬመር የተባሉ አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪ አዲስ ተመራቂ ነርሶች ሙያውን ለምን እንደሚለቁ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሥራ፣ በትምህርት ቤት የተቀረጸ የሙያ ምስል ከሥራ ቦታው እውነታ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረውን ድንጋጤ ስም ሰጥተው ገልጸውታል፤ መጀመሪያ የጫጉላ ጊዜ ይመጣል፣ ቀጥሎ ድንጋጤው፣ ከዚያም ማገገሙ። በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የነሣሽ ደስታና የዛሬው ቅሬታሽ በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ቦታዎች ናቸው።

ስለ መልቀቅ ስታስቢ ልታውቂው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዌንዲ ቦስዌልና ባልደረቦቻቸው በከፍተኛ ሥራ አስኪያጆች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ የቀየረ ሰው እርካታው በአዲሱ ቦታ ከፍ ብሎ ቆይቶ መልሶ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ስለዚህ አዲስ ቦታ ገብተሽ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሰማሽ እፎይታ ትክክል መወሰንሽን ብቻውን አያረጋግጥም።

ይሁን እንጂ አለቃሽ ወረቀቱን አለመግለጣቸው ጊዜ የሚያሽረው ነገር አይደለም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ውጤቱን ባሳተሙት ጥናት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ስለ ሥራቸው ሲጠይቁ፣ ሰዎቹ ደስ ያላቸውን ጊዜ ሲያስታውሱ በብዛት ያነሡት የሠሩት ነገር መሳካቱንና ዕውቅና ማግኘቱን ነበር። የአንቺም ቅሬታ በሙያ ባልደረቦችሽ አፍ ከብዙ ዓመታት በፊት የተነገረ ነው። ለአለቃሽ «አልተደሰትኩም» ከምትያቸው ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን 20 ደቂቃ ጠይቂያቸው፤ በያዝሽው ገጽ ላይም አንድ የተወሰነ ጥያቄ አንሺ። አቤቱታ የሚያሸሻቸው አለቆች ለሙያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይቀመጣሉ።

ከመጀመሪያ ሥራው የለቀቀ፦

ከላይ የጻፉት ታላቅ ወንድማችን ስለ ብረቱ ያሉትን አከብራለሁ፤ «ሁላችንም በዚህ መንገድ አልፈናል» በሚለው ግን አልስማማም። እኔም ይኸው ሲነገረኝ ሁለት ዓመት ቆየሁ፣ በመጨረሻም ሙያውን ልጠላው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያለፉበት ሰዎች መትረፋቸው መንገዱን ትክክል አያደርገውም።

እህቴ፣ አንድ ነገር እንድታጣሪ እለምንሻለሁ። በዝርዝሩ ግርጌ «ያዘጋጀው» እና «ያረጋገጠው» የሚሉ ሁለት የፊርማ ቦታዎች ይኖራሉ። ሁለተኛው ላይ ማን ፈርሟል? ገጹን ሳይገልጥ የፈረመ ሰው ካለ ጉዳዩ ከአንቺ ስሜት አልፎ በዚያ ደረጃ ላይ የሚወጣውን ሰው ደኅንነት ይነካል። አንቺው በሁለቱም ላይ ፈርሚ ከተባልሽ ደግሞ እንዳትፈርሚ፤ ያን ጊዜ ረቂቁን ብታወጪው አልቃወምሽም። ከዚያ በመለስ ከሆነ ግን ቀን ቁረጪለት፤ ሦስት ወር በይና ጠይቂ፣ ሞክሪ፣ ከዚያ ወስኚ። መጨረሻው የማይታወቅ ትዕግሥት ነው እኔን የጎዳኝ።

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፊርማውን አይቻለሁ፤ «ያረጋገጠው» የሚለው ቦታ ባዶውን ተልኳል። ይህንን ሳይ ያደረብኝ ፍርሃት ከቅሬታዬ በለጠ። ትናንት ዝርዝሩን ይዤ ገባሁና ገና ብረት ሳይቆረጥ ሌላ ዐይን ቢያየው እንደምመርጥ ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ስለ ቁራጩ የተባለውንም ሞክሬ ነበር። በሠንጠረዤ ላይ 6.15 ሜትር የሆኑ 84 ብረቶች አሉ፤ ከ12 ሜትሩ አንድ ብቻ ወጥቶ 5.85 ሜትር ይተርፋል፤ ከዚያ ትራፊ ደግሞ ለሌላ ቦታ የሚፈለጉ፣ በውፍረት እኩል የሆኑ ሁለት ባለ 2.9 ሜትር ብረቶች ይወጣሉ። አለቃዬ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገለጡት፤ በእርሳስም ሁለት ቦታ አረሙኝ፤ አንዱ በእርግጥ ስሕተቴ ነበር። በየሐሙሱ ጠዋት እንድንገናኝ ተስማምተዋል። እስከ ሦስት ወር እሞክራለሁ፤ ደብዳቤውን ግን አላጠፋሁትም።

በሙያው ለቆዩት ወንድሜ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ባለ 2.9 ሜትሮቹ የሚፈለጉት ከሁለት ወለል በኋላ ከሆነ፣ ትራፊው እስከዚያ ድረስ በሳይቱ ላይ እንዳይጠፋ በዝርዝሩ ውስጥ እንዴት አድርጌ ብጽፈው ይሻላል?