ከ40 በኋላ ልርገዝ ያለችን ሴት «ተይው» ማለት ልክ ነው?

ጠያቂዋ፣ ከድሬዳዋ ገንደ ቆሬ፦ የአክስቴ ልጅ 41 ዓመቷ ነው። ጅዳ ሠርታ ተመለሰች፣ አምና አገባች። የመጀመሪያ ልጇን ትፈልጋለች። ምክር ፍለጋ ሄዳ አንዲት የጤና ባለሙያ «በዚህ ዕድሜሽ? ተይው ባክሽ» አለቻት። እያለቀሰች ነው የመጣችው። ይሄ ልክ ነው ትላላችሁ?

ከከዚራ፦ እኔ ባለሙያዋን አልወቅስም። በዚህ ዕድሜ ከሚያረግዙት ከ3 አንዷ ገደማ ጽንሱ ይጨነግፍባታል። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የልጁን የአእምሮ ዕድገት የሚያዘገይ ችግር) እናት በ25 ዓመቷ ስትወልድ ከ1,250 ልጆች በአንዱ ገደማ ይታያል፤ በ40 ዓመቷ ከ100 በአንዱ። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ደግነት አይደለም።

ከመጋላ፦ አቦ ተዉ እንጂ! እናቴ እኔን በ43 ነው የወለደችኝ፣ ያውም ቤት ውስጥ። 99ኙ ደህና ከሆኑ ምን ያስፈራራል?

አዋላጅ ነኝ፣ ከሐረር፦ ወንድሜ፣ እናትህ ስንተኛ ልጇ ነበርክ? የደም ግፊት ስጋቱ በመጀመሪያ እርግዝና ይብሳል። ቤት ወልደው የሞቱት ደግሞ እዚህ ገብተው አይጽፉልንም።

«ተይው» ማለቱንም ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። እንዲህ የተባለች ሴት ማርገዟን አትተውም፤ ተሸማቃ በ6 ወሯ ነው የምትመጣው። ያኔ ብዙ ነገር አምልጦናል። ግፊቷና ስኳሯ ከማርገዟ በፊት መታየት ነበረበት። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ሳታረግዝ ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት። ግፊት ያሰጋታል ከተባለ ሐኪም አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊያዝላት ይችላል፤ እሱም ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ነው የሚሻለው።

ድሬ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። እርጉዝ ፊቷና እጇ ሲያብጥ «ሙቀቱ ነው» ትባላለች። ራሷን አጥብቆ ሲያማት፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ሲወጋት ውሃ ጠጥታ አትተኛ። ሌሊትም ቢሆን ሄዳ ግፊቷን ትለካ።

ከከዚራ፦ ይሄን እቀበላለሁ። እንቁላሉ ግን ከሴትየዋ ጋር ያረጃል። ክትትል ያንን አይመልሰውም።

አዋላጇ፦ አይመልሰውም። ቁጥሩን ሳንደብቅ እንንገራቸው፤ እሷና ባሏ ይወስኑ። የወንዱ ዕድሜ ሲገፋም እኮ የመጨንገፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ጠያቂዋ፦ ባሏ 52 ነው። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀም! እሺ፣ ብታረግዝ የት ትውለድ?

ከከዚራ፦ እኔ አሁንም 45 ላለፋት ባለሙያ በግልጽ «አይመከርም» ይበላት ባይ ነኝ።

አዋላጇ፦ «አይመከርም» ብሎ ምክንያቱን ማስረዳት ያባት ነው። ማባረር ግን ሌላ ነው። እህቴ፣ ክትትሉን ቅርቧ ያለ ጤና ጣቢያ ትጀምርና ሪፈር ያጽፉላት። የምትወልደው ኦፕራሲዮንና ደም ባለበት ይሁን፦ እናንተ ጋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ እዚህ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ደም የሚሰጡ ዘመዶችንም ከወዲሁ አነጋግሩ።