ሊዶካይንና የአይጥ ጠበኝነት፦ ንድፉን እዩልኝ

ሰብለ (ጎንደር፣ ፋርማኮሎጂ)
እንደምን ሰነበታችሁ። በአንጎል ሥር ያለውን የሃይፖታላመስን ቬንትሮሚዲያል (የታች መሃለኛ) ክፍል በማደንዘዣው በሊዶካይን ለጊዜው አደንዝዤ፣ ወንድ አይጥ ባዕድ ወንድ ሲገባበት ምን ያህል እንደሚያጠቃ ልለካ ነው። የፋርማሲው 2 በመቶ ይሆናል? መጠኑስ? ጥቃቱ ከቀነሰ «ጠበኝነት በረደ» ማለት ይቻላል?

የማራኪው
እህቴ፣ መጀመሪያ የብልቃጡን ጽሑፍ አንብቢ። አድሬናሊን ያለበትን ተይው፤ የደም ሥር ያጠባል፣ አሲድነቱም ይበረታል። ሜቲል ፓራቤን (እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ቅመም) የተጨመረበትም አይሆንም። ንጹሁ 2 በመቶ በማይክሮ ሊትር 20 ማይክሮ ግራም ይዟል፤ በየጎኑ 0.5 ማይክሮ ሊትር ብትሰጪ 10 ማይክሮ ግራም ነው። በአንድ ደቂቃ ቀስ እያልሽ አስገቢና መርፌውን ሳትነቅይ ሌላ አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ቶሎ ከነቀልሽው ፈሳሹ በካኑላው (መርፌው በሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ዙሪያ ሽቅብ ይመለስና ያላሰብሽው ቦታ ይደነዝዛል። ድንዛዜው አጭር ስለሆነ ባዕዱን ወዲያው አስገቢ፤ ከ10 ደቂቃ አታሳልፊ። ቁስል ካየሽ ደግሞ ደቂቃው ሳይሞላም ለያያቸው።

አዘዞ
ለመጨረሻው ጥያቄ፦ አይቻልም። ሊዶካይን የሶዲየም ቻናልን፣ ማለት የነርቭ ምልክት የሚነሳበትን የሴል በር፣ ይዘጋል፤ ስለዚህ የቦታውን ሴሎች ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚያልፉትን አክሰኖችም (ምልክት የሚያደርሱ የነርቭ ክሮች) ዝም ያሰኛል። ሙሲሞል የሚባለው ሌላው መድኃኒት ግን የቦታውን ሴሎች ዝም ያሰኛል እንጂ አላፊ አክሰኖችን አይነካም፤ ሁለቱ አንድ ውጤት ከሰጡ ያኔ ስለ ቦታው መናገር ትችያለሽ። ቦታውን መምረጥሽ ግን ትክክል ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ የዚህን ክፍል ቬንትሮላተራል (የታች ውጪኛ) ጎን በብርሃን በማነቃቃት ትንንሾቹን አይጦች (ማውስ) ለጥቃት አስነስቷል።

የፈዘዘ አይጥም አይነክስም። በሌላ ቀን ያንኑ መጠን ሰጥተሽ በባዶ ሳጥን እንቅስቃሴውን ለኪ። የስሜት ሕዋስ ጉዳይም አለ፦ በ1993 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የሆድ ቆዳዋ የደነዘዘ የምታጠባ አይጥ ባዕድን ማጥቃቷ ቀንሷል፤ አንጎሏ ሳይነካ! ለማነጻጸሪያ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) ከሊዶካይኑ ጋር የተስተካከለ ሳላይን (የጨው ውሃ) ይሁን። በመጨረሻ ቀለም ገፍተሽ አንጎሉን ቆርጠሽ እዪ፤ ከቦታው የሳቱትን ለብቻቸው ተንትኚ እንጂ አትጣያቸው፤ ከሁሉ የተሻለ ማነጻጸሪያ እነሱ ናቸው።

የማራኪው
አንድ ልጨምር። ባለቤቱን ወንድ ቢያንስ ሳምንት ከሴት ጋር አኑሪው፣ ጉዝጓዙንም አትቀይሪ፤ ግዛቱን የሚያውቀው በጠረኑ ነው። ሴቷን ከፈተናው አንድ ሰዓት በፊት አውጪ። ባዕዱ ከእሱ ትንሽ ያነሰ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ታይመሩ ይዛባልና ቀንና ሌሊታቸው እንዳይገለበጥ በየጠዋቱ ሰዓቱን አስተያዪ።