ሞተር ሲነሳ የጀልባዬ ቴፕ ያፏጫል
ጀልባዋ 5 ሜትር ናት፤ ያላት አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ብቻ ነው። ከፖዘቲቩ በ30 አምፔር ፊውዝ በኩል 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እስከ ፊውዝ ሳጥኑ ዘርግቻለሁ። ከዚያ ቴፑ በ10፣ የስልክ ቻርጀሩ በ5 አምፔር ፊውዝ ይወጣሉ። የውኃ መምጠጫው ፓምፕ ለብቻው ከባትሪው ስለሆነ አልነካሁትም።

ሞተሩ ጠፍቶ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሲነሳ ግን ስፒከሮቹ ያፏጫሉ፤ ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር ፉጨቱ እየቀጠነ ይሄዳል። አንቴናውን ነቀልኩ፣ የቻርጀሩን ፊውዝ አወጣሁ፤ ለውጥ የለም። የቴፑን ኔጌቲቭ ከሳጥኑ አንስቼ በቀጥታ ባትሪው ላይ ባስረው ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሞተሩ እየሠራ ቴፑን ከሌላ ባትሪ ሳገናኘው ጸጥ አለ፤ ስለዚህ ፉጨቱ የሚገባው በኃይል መስመሩ ነው።

ባትሪው ጫፍ ላይ 14.2 ቮልት አለ። ኤሲ (ተለዋዋጩን ቮልቴጅ) ስለካ ደግሞ 0.4 ቮልት ይነበባል (ርካሽ ሜትር ዲሲውን፣ ማለትም ቋሚውን ቮልቴጅ፣ ቀላቅሎ እንዳያሳስት በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ነው የለካሁት)። ፊልተር ገዝቶ መግጠም ቀላል ነው፤ የተበላሸ ዕቃ መሸፈን ግን አልፈልግም።

ይህ 0.4 ቮልት ከጤነኛ የጀልባ ሞተር የሚጠበቅ ነው ወይስ የሞተሩን ኤሲ ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ሬክቲፋየር አንድ ዳዮድ ተቃጥሏል ማለት ነው?