የእናቴ ዓይን እየተሻለው ያገረሻል፤ የምታውቁ እርዱኝ

የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ67 ዓመቷ እናቴ ከ7 ወር በፊት የግራ ዓይኗ ሞራ ወጥቶላት ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላት። ሁለት ወር ያህል ምስር ስትለቅም ጠጠሩን ከእኔ ቀድማ ታይ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ቀላ፤ ጭጋግም ለበሰ። ብግነት የሚያበርደው የፕሬድኒሶሎን ጠብታ ሲሰጣት ይጠራል፤ መጠኑ ሲቀነስ ይመለሳል። አሁን ሲያገረሽባት ሦስተኛው ነው። ሕመሙ ብዙ አይደለም፤ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ግን ብርሃኑን ለመከላከል ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ትስባለች።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ከሌንሱ ጀርባ ነጭ ንጣፍ አዩ። ከዓይኗ ውስጥ ፈሳሽ ቀድተው ቫንኮማይሲን የተባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት 1 ሚሊ ግራም እዚያው በመርፌ ሰጧት። የፈሳሹ ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ ቆይቶ በ3ኛው ቀን «ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም» ተብሎ ተዘጋ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ሐኪሟ የሚጠረጥሩት ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለውን ባክቴሪያ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ኦክስጅን በሌለበት እስከ 14 ቀን ካልተጠበቀ ላይታይ ይችላል። ቀጣዩ እርምጃ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አዲስ ናሙናም ያኔ ይወሰዳል።

ናሙናውን ኦክስጅን በሌለበት 14 ቀን ሙሉ የሚያቆይ ላቦራቶሪ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ውስጥ የት አለ?