ትጋቱ የት ላይ ነው የዓለም ፍቅር የሚሆነው?

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ።

የክርስቶስ መሆኔን አልጠራጠርም። የከበደኝ እንደዚያ ሆኖ መኖሩ ነው። 1ኛ ዮሐንስ 2፥15 «ዓለምን ወይም በዓለም ያሉትን አትውደዱ» ይላል። ቀጥሎ የሥጋ ምኞት፣ የዓይን አምሮትና በገንዘብ መመካት ይመጣሉ። ስካሩም ጭፈራውም አይስበኝም። የሚያታግለኝ የመጨረሻው ነው። ሥራዬን እወዳለሁ። ግን ሰው ሲያደንቀኝ ልቤ ይሞቃል፤ ሌላው ሲቀድመኝ እንቅልፍ አጣለሁ። ጸሎቴ ሳይቀር ስለ ደረጃና ስለ ደመወዝ እየሆነ ነው። አሁን ደግሞ ከፍ ያለ ኃላፊነት ቀርቦልኛል። ከተቀበልኩት ለኅብረት የሚተርፈኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

ሁሉን ትቼ ልሽሽ እንዳልል፣ ጌታ በዮሐንስ 17፥15 የለመነው ከዓለም እንድንወጣ ሳይሆን ከክፉው እንድንጠበቅ ነው። ልቀበል ስል ደግሞ ዴማስ ትዝ ይለኛል። ከጳውሎስ ጋር አብሮ ያገለገለ ሰው እኮ ነው! በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 ግን ዓለምን ወዶ ጥሎት ሄደ። በአንድ ጀምበር የሆነ አይመስለኝም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

«ጸልይ፣ ጹም» ያሉኝ አሉ፤ እያደረግሁት ነው። አሁን የምፈልገው በዚህ ያለፈ ሰው ምክር ነው። ልባችሁ መንሸራተት ሲጀምር በምን ታውቃላችሁ? እንዲህ ያለ ዕድገት እምቢ ያላችሁ፣ ወይም ተቀብላችሁ ልባችሁን የጠበቃችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። በተለይ በእምነት የበሰላችሁ አባቶችና እናቶች፣ መልስ የምሰጥበት ቀን ስለተቃረበ እባካችሁ አትዘግዩብኝ።