ክሊፕ የማይዘው የአንጎል ደም ሥር እብጠት፦ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው?

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ
የተከበራችሁ አባላት፣ የ44 ዓመት ታላቅ እህቴ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ እንጀራ እየጋገረች ሳለ «ማጅራቴን በመጥረቢያ የመቱኝ ያህል ተሰማኝ» ብላ ጮኸች፤ ወዲያውም አስመለሳት። በአቅራቢያችን ያለ ክሊኒክ ማይግሬን ነው ብሎ መርፌ ወግቶ ሰደዳት። በማግስቱ አንገቷ ሲገተር አዲስ አበባ ወሰድናት፤ ሲቲ ስካኑ በአንጎሏ ዙሪያ ደም መፍሰሱን፣ አንጂዮግራፊው (የደም ሥሮቹን የሚያሳየው ምርመራ) ደግሞ ለትንሹ አንጎል ደም በሚያደርስ ቧንቧ ላይ የፈነዳ እብጠት መኖሩን አሳየ። ሐኪሟ «እብጠቱ አንገት የለውም፤ ቧንቧውን ከላይና ከታች ዘግተን ደሙን በሌላ መንገድ እናሻግራለን» አሉን። ዘመዶቻችን ግን ወደ ሕንድ ውሰዷት እያሉ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት
አብዛኛው እብጠት በቀጭን አንገት እንደተንጠለጠለ ፍሬ ስለሆነ፣ አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1937 እ.ኤ.አ. እንዳደረገው አንገቱን በክሊፕ (በትንሽ የብረት መቆንጠጫ) መቆንጠጥ ይቻላል። የእህትዎ ግን የቧንቧው ግድግዳ ራሱ ተሰንጥቆ ዙሪያውን ያበጠ ይመስላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ዓይነት ነው። ቧንቧው ሲዘጋ የሚቋረጠውን ደም ለመተካት፣ ከጆሮ ጀርባ ወደ ራስ ቅል ቆዳ የሚወጣውን የደም ሥር አምጥተው ከፀጉር በቀጠነ ክር በማይክሮስኮፕ ይሰፉታል። እብጠቱ ቧንቧው ለአንጎል ግንድ ቅርንጫፍ ከሚሰጥበት ቦታ አልፎ ከሆነ አንዳንዴ መዝጋቱ ብቻ ይበቃል፤ አንዳንዴም በብሽሽት በኩል ወደ ደም ሥር በሚገባ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ይዘጋል። ስለዚህ ሐኪሟን «እብጠቱ ከቅርንጫፎቹ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ።

መልስ፣ ሲስተር ከሰበታ
እብጠቱ ሳይዘጋ አውሮፕላን ላይ ማውጣቱን እኔ አልደግፈውም፤ ድጋሚ መድማቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ቀን፣ የሚያይል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው የከፋ ነው። ጠያቂ ዘመድ አልጋዋን ከቦ እንዳያለቅስ፣ ሆድ ድርቀትም እንዳያስምጣት ተጠንቀቁ። የደም ሥር መኮማተር የሚያስከትለውን ጉዳት ለመቀነስ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኒሞዲፒን፣ ከታዘዘላት የተለመደው መጠን በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊ ግራም ለ21 ቀን ነው፤ ባለ 30 ሚሊ ግራሙ እንክብል በድምሩ 252 ፍሬ ይሆናል ማለት ነው። የሌሊቱም አይዘለልም፤ የደም ግፊቷ ከወረደ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ብቻ ነው። ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድንገት ብትፈዝ፣ ምላሷ ቢተሳሰር ወይም አንድ እጇ ቢዝል፣ የደም ሥሮቿ ተኮማትረው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ደቂቃ ይንገሩ።

መልስ፣ ከለገጣፎ
ወንድሜም በዚሁ የአንጎል ክፍል ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ውኃ ሲጠጣ ያንቀው ስለነበር አጥሚቱን ለሦስት ሳምንት በአፍንጫ ቱቦ ሰጠነው። ሐኪሞቹ መዋጥ መቻሏን ሳያረጋግጡ እርጎም ቢሆን በአፏ አትስጧት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠየቅኋቸው፤ እብጠቱ ከቅርንጫፎቹ በፊት በመሆኑ ደሙን ማሻገር ግድ ነው ብለዋል። የሕንዱን ነገር ትተነዋል። እንክብሉን ከሦስት ፋርማሲ አሟልተናል፤ ቀዶ ሕክምናው ለነገ ጠዋት ተይዟል።